ያገለገለ መኪና ከግለሰብ ስንገዛና ስንሸጥ የሚከፈለው ግብር፦ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በቴክሳስ ለምንኖር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ የምንገዛው እርስ በርሳችን ነው። ዋጋው በስልክ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ይሰጣል፣ ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ይፈረማል። ግብሩ ግን የሚታሰበው ከዚያ በኋላ፣ ገዢው ስም ለማዞር የዲኤምቪ (የመኪና መመዝገቢያ መሥሪያ ቤት) መስኮት ፊት ሲቆም ነው። እስካሁን እንዳየሁት ሰዎች ያላሰቡትን ገንዘብ የሚከፍሉት የግብሩን ተመን ባለማወቃቸው ሳይሆን፣ ዋጋው በትክክለኛው ወረቀት ላይ በትክክል ባለመጻፉ ነው።

መሠረቱ ይህ ነው። በአሜሪካ ይህን ግብር የሚጥለው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን ግዛቱ ስለሆነ፣ ስሙም ተመኑም እንደየግዛቱ ይለያያል። መኪናው ከነጋዴ የተገዛ ከሆነ ግብሩን የሚሰበስበው ነጋዴው ራሱ ነው። ከግለሰብ የተገዛ እንደሆነ ግን ገዢው ስም በሚያዞርበት ጊዜ በቀጥታ ለመንግሥት ይከፍላል፤ ሻጩ አይሰበስብም። ስለዚህ «የግብሩን ጨምረህ ስጠኝ» የሚል ግለሰብ ሻጭ ካጋጠመ አይከፈለውም፤ ገዢው መስኮቱ ላይ ግብሩን በሙሉ መክፈሉ አይቀርምና። የሚታየውም መኪናው የተገዛበት ግዛት ሳይሆን የሚመዘገብበት ነው። ኔቫዳና አሪዞና በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የመኪና ሽያጭ ላይ የሽያጭ ግብር አያስከፍሉም፤ ይሁን እንጂ የሜሪላንድ ነዋሪ ከላስ ቬጋስ መኪና ገዝቶ ቢያመጣ የሚከፍለው የሜሪላንድን ነው።

በቨርጂኒያ ተመኑ ከሽያጩ ዋጋ 4.15 በመቶ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ክፍያ 75 ዶላር ነው። በ9,000 ዶላር የተገዛ መኪና 373 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈልበታል። በ1,500 ዶላር የተገዛ አሮጌ መኪና ግን፣ ስሌቱ ከዚያ ቢያንስም 75 ዶላሩ ይከፈልበታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት ያልበለጡ መኪኖች ላይ ነው። የሽያጩ ዋጋ ዲኤምቪ ከሚጠቀምበት፣ የያገለገሉ መኪኖችን የገበያ ግምት ከሚዘረዝረው የዋጋ መጽሐፍ በእጅጉ ካነሰ፣ መሥሪያ ቤቱ ግብሩን በመጽሐፉ ዋጋ ሊያስበው ይችላል። ይህን የሚያስቀረው ገዢውና ሻጩ ሁለቱም የፈረሙበት የዋጋ ማረጋገጫ ቅጽ ነው፤ ተራ የሽያጭ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ቅጹ ከዲኤምቪ ድረ ገጽ ይወርዳልና፣ ሻጩ እጅ ላይ ሳለ ማስፈረም ነው።

በሜሪላንድ ተመኑ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ 6 በመቶ ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ሆኗል። ዕድሜው ከ7 ዓመት በታች የሆነ መኪና ከተገዛ ግብሩ የሚታሰበው ከሽያጩ ዋጋና ከመጽሐፉ ዋጋ በሚበልጠው ላይ ነው። የሽያጩ ዋጋ ከመጽሐፉ በ500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካነሰና ገዢው በከፈለው ዋጋ እንዲታሰብለት ከፈለገ፣ ቪአር-181 የተባለውን የሽያጭ ቅጽ ሁለቱም ወገኖች በኖታሪ (ፊርማ በሕግ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ፈርመው ማቅረብ አለባቸው።

አንድ ወዳጄን ስም ለማዞር ሸኝቼው ሳለ ይህ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናውን የገዛው በ9,000 ዶላር ሲሆን፣ በእጁ የያዘው ሻጩ በደብተር ቅጠል ላይ «ገንዘቡን ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመበትን ወረቀት ነበር። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ በመጽሐፉ መሠረት መኪናው 12,000 ዶላር እንደሚያወጣ ነገረችው። ቅጹን በኖታሪ አስፈርሞ ቢመጣ ግብሩ 585 ዶላር ይሆን ነበር፤ በዚያ ወረቀት ግን 780 ዶላር ነው። ሻጩ ደግሞ ፋሲካን ከቤተሰቡ ጋር ሊያሳልፍ አዲስ አበባ ገብቶ ስለነበር ወዳጄ የ195 ዶላሩን ልዩነት ከኪሱ ከፈለ። ሻጩ ከመሄዱ በፊት አብረው ባንክ ቢገቡ ኖሮ ነገሩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ብዙ ባንኮች ለደንበኞቻቸው የኖታሪ አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉና።

ዲሲ ተመኑን የሚወስነው በመኪናው ክብደትና በነዳጅ ፍጆታው ነው። ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የቴክሳስን አሠራር ልብ በሉ። ተመኑ 6.25 በመቶ ቢሆንም፣ ከግለሰብ በተገዛ ያገለገለ መኪና ላይ ግብሩ የሚታሰበው ከተከፈለው ዋጋና ግዛቱ ለመኪናው ካወጣው ግምት 80 በመቶ በሚበልጠው ላይ ነው። ግምቱ 15,000 ዶላር የሆነ መኪና በ9,000 ቢገዛ ግብሩ የሚታሰበው በ12,000 ሆኖ 750 ዶላር ይሆናል። መኪናው ተጎድቶ ከሆነ ዋጋው የወረደው፣ ፈቃድ ባለው ገማች በጊዜው አስገምቶ የግምት ወረቀቱን ለካውንቲው የግብር ቢሮ ማቅረብ ይቻላል።

አሁን በግልጽ መነገር ያለበትን ልናገር። «ወረቀቱ ላይ 4,000 እንጻፍ» የሚለው ምክር በመካከላችን የተለመደ ነው፤ ሻጩም ለገዢው በጎ የዋለ መስሎት ይስማማል። በቨርጂኒያ 9,000ውን 4,000 ብሎ መጻፍ የሚያተርፈው 207 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ለዚህ ገንዘብ ሲባል ሁለት ሰዎች በመንግሥት ቅጽ ላይ በሐሰት ይፈርማሉ፤ ይህም በሕግ ያስጠይቃል። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ አመልካቹ ተይዞ ያልተከሰሰበት ወንጀል ፈጽሞ እንደሆነ በግልጽ እንደሚጠይቅም አይዘንጋ። ግሪን ካርድ ይዞ የዜግነቱን ቀን የሚጠብቅ ሰው ለ207 ዶላር ብሎ እንዲህ ያለ ፊርማ ማስቀመጥ የለበትም። ሻጩም ቢሆን ያልተቀበለውን ቁጥር ተቀብያለሁ ብሎ መፈረም አይገባውም።

መኪና ለቤተሰብ በስጦታ ማስተላለፍ የተለየ ደንብ አለው። ቨርጂኒያ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ በስጦታ የሚተላለፍ መኪና ላይ ይህን ግብር አታስከፍልም። ሜሪላንድ ከወላጅና ከልጅ አልፋ እህትና ወንድምንም ትጨምራለች። ቴክሳስ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል ለሚደረግ ስጦታ 10 ዶላር ብቻ ታስከፍላለች፤ ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ ቃለ መሐላ ፈርመው ያቀርባሉ። የአክስት ልጅን ወይም አብሮ አደግን «ወንድሜ ነው» ብሎ ማስመዝገብ አይሠራም፤ በባህላችን ወንድም ቢሆንም በሕጉ ዘመድ አይደለም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ታናሽ እህት መኪናውን ከነባንክ ዕዳው ተረክባ ቀሪውን ወርሃዊ ክፍያ የምትቀጥል ከሆነ ስጦታ አይባልም፤ የተረከበችው ዕዳ እንደ ዋጋ ይቆጠራል።

በሽያጩ ቀን ገንዘብ ከመስጠት በፊት ታይትሉን ማየት ያስፈልጋል። የሻጩ ስም ከመታወቂያው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ሁለት ባለቤቶች «እና» በሚል ተያይዘው ከተጻፉ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። የባንክ ዕዳ ምልክት ካለበት ዕዳው መከፈሉን የሚያሳየውን ደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። ታይትሉ በኮምፒውተር ብቻ የተያዘ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ በወረቀት እንዲታተምለት ማመልከት አለበት። የ2011 ሞዴልና ከዚያ በኋላ የተሠሩ መኪኖች ሲሸጡ፣ መኪናው 20 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የተነዳውን ማይል መጻፍ የፌዴራል ግዴታ ነው። በታይትሉ ላይ አይሰረዝ፣ አይደለዝ፤ አንድ ቁጥር የተሰረዘበት ታይትል ከመስኮቱ ሊመለስ ይችላልና። ክፍያውም በባንክ ቼክ ቢሆን ለዋጋው ማስረጃ ይሆናል። ሻጩ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ታርጋውን ነቅሎ ያስቀራል፤ ከዚያም መሸጡን ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል። የካውንቲ የመኪና ግብር የሚከፍል የቨርጂኒያ ሰው ሽያጩን ለካውንቲው ካላስታወቀ በሌላ ሰው መኪና ላይ ሂሳብ መቀበሉን ይቀጥላል።

የሻጩ የገቢ ግብርስ? ለቤተሰብ ሲነዳ የቆየን መኪና ከገዛበት ባነሰ ዋጋ የሸጠ ሰው በዚህ ምክንያት የሚከፍለው የፌዴራል ግብር የለም፤ ኪሳራውንም ማስቀነስ አይችልም። ኡበርና ሊፍት የሚሠራ ሰው ግን ሂሳቡ ይለያል። በየዓመቱ ግብር ሲያሠራ በማይል የሚቀነስለት ገንዘብ ውስጥ የመኪናው የእርጅና ቅናሽ ተካቷል፤ ይህም በ2023 በማይል 28 ሳንቲም፣ በ2024 ደግሞ 30 ሳንቲም ነበር። በ2023 መጀመሪያ ላይ ግብሩን ጨምሮ በ18,000 ዶላር ገዝቶ፣ መኪናውን ለሥራ ብቻ እየተጠቀመ በየዓመቱ 20,000 ማይል የነዳ ሰው በሁለቱ ዓመት 5,600 እና 6,000፣ በድምሩ 11,600 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ወስዷል። በመንግሥት ሂሳብ መኪናው አሁን የቆመበት 6,400 ዶላር ነው። በ9,000 ቢሸጠው፣ እሱ ግማሹን እንደከሰረ ቢያስብም፣ 2,600 ዶላር ትርፍ እንዳገኘ ተቆጥሮ በቅጽ 4797 ይመዘገብበታል። መኪናውን ለቤትም ለሥራም የሚጠቀም ከሆነ ስሌቱ በማይሉ ድርሻ ይከፋፈላል፤ ይህን ግብር ለሚሠራለት ባለሙያ ከነማይል መዝገቡ ማቅረብ ነው።

የገዛበት ዋጋ በወረቀት ላይ 4,000 ተብሎ የተጻፈለት ሹፌር ችግሩ እዚህ ላይ ይብሳል፤ ሂሳቡ የሚጀምረው ከ18,000 ወይም ከ9,000 ሳይሆን ከዚያች ከ4,000 ነውና። ስም ሲያዞሩ የተሰጠው የክፍያ ደረሰኝም መኪናው እስኪሸጥና የዚያ ዓመት ግብር እስኪዘጋ ድረስ ከታይትሉ ቅጂና ከሽያጩ ቅጽ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ የተከፈለው ግብር ራሱ በመኪናው መነሻ ዋጋ ላይ ይደመራል።