ቁልፉ ይጫናል፣ ፕሮጀክተሩ አይታዘዝም፦ የስብሰባ አዳራሽ መቆጣጠሪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሠልጣኝ ቅርብ ስለሆነች በአንድ ሆቴል ውስጥ ያሉ አዳራሾች ሁሉ በአንድ ቀን ቢያዙ የሚገርም አይደለም። የአዳራሹ ባለሙያም የፕሮጀክተሩን፣ የድምፅ ማጉያውንና የቴሌቪዥኑን ሪሞት በየኪሱ ሞልቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። ይህን ሩጫ ለማስቀረት ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ ጥቂት ቁልፎች ያሉት አነስተኛ መቆጣጠሪያ ይገዛል። አንድ ቁልፍ ሲነካ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ስክሪኑ ይወርዳል፣ ድምፁ ይከፈታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን «ተበላሽቷል» ይባልና ሪሞቶቹ ወደ ኪስ ይመለሳሉ።

በአብዛኛው መሣሪያው አልተበላሸም። በግዢው ቀን ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ነበር፦ ይህ ዕቃ ትእዛዝ ብቻ ይልካል ወይስ መልስም ይቀበላል? ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች የከፋው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

«አብራ» ሲባል ያጠፋል

ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታየው መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ከተነሳ በኋላ ነው። ትእዛዙ የሚሄደው በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በሪሞት ጨረር ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ሪሞቶች ለማብራትም ለማጥፋትም አንድ ቁልፍ ብቻ አላቸው፤ መቆጣጠሪያው የቀዳውም ይህንኑ ምልክት ነው። ፕሮጀክተሩ መብራቱን ወይም መጥፋቱን የሚነግረው የለም፤ የሚተማመነው ቀድሞ በላከው ትእዛዝ ላይ ብቻ ነው። መብራት ሲቋረጥ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፤ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆየው መሣሪያ) ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግን አሁንም እንደበራ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይሄዳል። አንዳንዱ ፕሮጀክተር ደግሞ ለመጥፋት ቁልፉ ሁለት ጊዜ እንዲጫን ይፈልጋል፤ ይህ ሲጨመርበት ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ማስታገሻው ለማብራት አንድ፣ ለማጥፋት ሌላ የተለየ ኮድ መኖሩን ማጣራትና ካለ እሱን ማስገባት ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ግን ጨረሩን ትቶ በሲሪያል ኬብል (ትእዛዝና መልስ በሽቦ በሚያመላልሰው) ወይም በኔትወርክ መገናኘት ነው። በዘመኑ ያሉ ብዙ የአዳራሽ ፕሮጀክተሮች ፒጄሊንክ የተባለውን የጋራ ቋንቋ በኔትወርክ በር 4352 ይናገራሉ። መቆጣጠሪያው «እንዴት ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ፕሮጀክተሩ በአንድ አኃዝ ይመልሳል፦ 0 ከሆነ ጠፍቷል፣ 1 ከሆነ በርቷል፣ 2 ከሆነ እየቀዘቀዘ ነው፣ 3 ከሆነ እየሞቀ ነው።

የእነዚህ የ2 እና የ3 ጥቅም ቀላል አይደለም። አምፖሉ እየቀዘቀዘ ሳለ «አብራ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም። ተናጋሪው መድረክ ላይ ቆሟል፣ አስተባባሪው ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፣ ምንም ነገር የለም፤ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሞቷል እኮ!» ይባላል። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ግን በዚያ ጊዜ ቁልፉን ይቆልፍና የቁልፉን መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ «ጠብቁ» ይላል። ሻጩ ናሙና ሲያሳያችሁ ፕሮጀክተሩን አጥፍቶ ወዲያው እንዲያበራው ጠይቁት። ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ማታ ይሠራል፣ ቀን አይሠራም

በአዳማ ፀሐይ ይህ የተለመደ ነው። በመስኮት የሚገባ ብርሃን የፕሮጀክተሩን የጨረር መቀበያ ያጥለቀልቀዋል። የጨረር ላኪዋን ትንሽ አምፖል ከሩቅ ከማነጣጠር ይልቅ በቀጥታ መቀበያው ላይ ለጥፏት፤ በላዩም ብርሃን የማያስገባ ሽፋን አድርጉበት። ምልክት እየወጣ መሆኑን ለማየት የስልካችሁን የፊት ካሜራ አነጣጥሩባት፤ ቁልፉ ሲነካ በዓይን የማይታየው ብልጭታ በስልኩ ላይ ይታያል።

ያጠፋል፣ አያበራም

ጥፋቱ ያለው በፕሮጀክተሩ ምርጫዎች ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል ብዙዎቹ ሲጠፉ የኔትወርክ በራቸውንም አብረው ይዘጋሉ። ስለዚህ የማጥፊያው ትእዛዝ ይደርሳል፤ የማብሪያው ግን የተዘጋ በር ያንኳኳል። ተጠባባቂ ሁኔታን የሚመለከተውን ምርጫ ፈልጋችሁ ግንኙነት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አድርጉ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ስንት መቆጣጠሪያ በዚህ ሰበብ ተነቅሎ እንደተጣለ ግን ቤቱ ይቁጠረው።

ሳምንት ሠርቶ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ለፕሮጀክተሩ ሌላ አይፒ አድራሻ ሰጥቶት ይሆናል። ቋሚ አድራሻ ስጡት።

በሲሪያል ኬብል ምንም መልስ የለም

አርኤስ-232 የሚባለው የሲሪያል ግንኙነት ሦስት ሽቦ ብቻ ይበቃዋል፦ መላኪያ፣ መቀበያና የጋራ መሬት። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ካልተገናኘ ሁለቱም እየተናገሩ የሚሰማ አይኖርም። መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጡ። ካልሆነ ፍጥነቱን ተመልከቱ፤ ብዙ ፕሮጀክተሮች በሴኮንድ 9600 ቢት ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት። ከዚያ የትእዛዙ መጨረሻ ላይ መስመር መዝጊያው ምልክት መኖሩን አጣሩ፤ ይህች የማትታይ ምልክት ብዙ ሰው አንገላታለች። ኬብሉ ከ15 ሜትር ከበለጠም ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ አዳራሽ ላይ ኔትወርክ ይሻላል።

ስክሪኑ አይወርድም፣ ወይም ወርዶ አይቆምም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። የብዙ ባለ ሞተር ስክሪኖች ሞተር የሚሠራው በ220 ቮልት ነው። በአነስተኛ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ያለው ሪሌይ፣ ማለትም በትእዛዝ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ለ24 ቮልት የተሠራ ነው። 220ውን በቀጥታ ካሳለፋችሁበት ሪሌዩ ይጣበቃል ወይም ይቃጠላል። በመሃል ለዚያ ጉልበት የተሠራ ሌላ ሪሌይ ይግባ፤ የመውጫውና የመውረጃው መስመር ፈጽሞ አብረው እንዳይበሩም እርስ በርስ ይቆላለፉ። ይህን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት።

በስብሰባ መሃል ፕሮጀክተሩ በራሱ ይጠፋል

መቆጣጠሪያው ይወቀሳል፤ ጥፋተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው። የአየር ማጣሪያውን ከአቧራ አጽዱ። ቀጥሎ ጥቂት ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ፦ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የኤፕሰንን ጨምሮ የብዙ ፕሮጀክተሮች መመሪያ ደግሞ ከ1500 ሜትር በላይ የከፍተኛ ቦታ ምርጫው እንዲበራ ያዛል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማያወጣ ማራገቢያው ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ቆላ ነን ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

እንግዲህ የቱን እንግዛ?

አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ላለው ክፍል ምንም አትግዙ። በኤችዲኤምአይ ኬብል በኩል የሚያልፈው፣ ሲኢሲ የተባለው የመቆጣጠሪያ ምልክት ላፕቶፑ ሲሰካ ቴሌቪዥኑን ሊያነቃው ይችላል፤ ላፕቶፑ ይህን የማይልክ ከሆነም አንድ ሪሞት ብዙ ሸክም አይደለም።

ፕሮጀክተር፣ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ላለው አዳራሽ ግን መጀመሪያ ወረቀት አንሡና በእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ያለውን መሰኪያ ጻፉ፦ ሲሪያል አለው? ኔትወርክ አለው? ጨረር ብቻ ነው? ሞተር ነው? መቆጣጠሪያው ከዚህ ቆጠራ አንድ ሲሪያልና አንድ ሪሌይ ትርፍ ይኑረው። በኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪክ የሚቀበል ከሆነ ኤሌክትሪኩን የሚልከውን ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያ) ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ተጨማሪ አስማሚ አያስፈልግም። በንክኪ ከሚሠራ ውብ ስክሪን ይልቅ በጣት የሚዳሰሱና ጽሑፋቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊታተም የሚችል ቁልፎች ያሉትን እመርጣለሁ፤ ስብሰባውን የሚመራው ሰው በየቀኑ ይለዋወጣልና።

አንዳንድ መቆጣጠሪያ በማንኛውም ኮምፒውተር ማሰሻ ይስተካከላል፤ ሌላው የኩባንያውን ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ከገዛችሁ ፕሮጀክተር በለወጣችሁ ቁጥር ሰው ከአዲስ አበባ ልታስመጡ ነው። የትኛውንም ብትገዙ የፕሮግራሙን ዋና ፋይልና የይለፍ ቃሉን በፍላሽ ሳትረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።