የተቸገረ ጎረቤት ሴፍቲኔት እንዲገባ እንዴት እናግዝ?

በማለዳ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር የሚሄድ ሰው፣ መጥረጊያ ይዘው መንገድ የሚያጸዱ እናቶችን ሳያይ አያልፍም። ከእነሱ መካከል በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፉ አሉ። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሲጀመር መሥራት ለሚችል ችግረኛ ሥራና ክፍያ፣ መሥራት ለማይችል አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ታማሚ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ ታስቦ ነው።

ኑሮ ድሮም ከባድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ብዙ ቤት ተናግቷል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን እርዳታ ለመጠየቅ የሚያፍረው ሰው ነው። መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነውና። ይህን የምጽፈውም ለጎረቤቱ ነው።

ከቤቱ ይጀምሩ። የሚታየው የአንድ ሰው ችግር ሳይሆን የቤተሰቡ አቅም ነው። ስንት ሰው አለ? ማን ገቢ ያመጣል? ማን ታሟል? ይህን ከባለቤቶቹ ጋር ቁጭ ብለው በወረቀት ይጻፉ። ወረዳ ላይ ሲጠየቁ አይደናገሩም።

መታወቂያውን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ሌላ ወረዳ የሄዱ ሰዎች ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ካላመጡ፣ አዲሱ ወረዳ እንደ ነዋሪ አይቆጥራቸውም። ፋይዳም (ዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያ) ካላወጡ ያውጡ፤ ምዝገባው በነጻ ነው።

ወረዳ ሄደው ዙሩን ይጠይቁ። ምዝገባ በዙር እንጂ በየቀኑ አይደለም። «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብለው ጠይቀው መልሱን ይጻፉ።

ነዋሪው ሲሰበሰብ አይቅሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ተጠቃሚን በመለየት ላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ ይሳተፋል፤ የተመረጡትም ስም ለነዋሪው ይፋ ሆኖ አስተያየት ይሰጥበታል። ስለዚህ ችግረኛውን የሚያውቅ ጎረቤት ስለ እሱ መናገሩ ዋጋ አለው። እኛ ሰፈር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። የኮሚቴው ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ሲጠይቋቸው «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ?» አሉ። እውነቱ ግን ማታ ማታ ጾማቸውን ያድሩ ነበር። ስማቸው ቀረ። በሚቀጥለው ዙር የእድራችን ሴቶች ስብሰባው ላይ ተነስተው ያለውን ሁሉ ተናገሩላቸው። ያኔ ገቡ። እድር ለቀብር ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ስሙ ከቀረ ቅሬታ ያስገቡ። ቅሬታ የሚያይ ኮሚቴ አለ። በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ወረዳ ላይ ደጋግሞ መመላለስ እንዳለ ይወቁት፤ አያፍሩበት።

ከገቡ በኋላ ስለ ቁጠባው ያስቡ። ክፍያው በባንክ ነው የሚገባው። ሲጀመር በወጣው አሠራር መሥራት የሚችሉት 3 ዓመት ይቆያሉ፣ ከክፍያቸውም 20 በመቶውን ይቆጥባሉ፤ ቀጥሎ ስልጠናና የሥራ መነሻ ገንዘብ ይመጣል። ጥሩው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ሲያልቅ ምን እሠራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መነሳት አለበት። እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ ይሁን ጉልት፣ ቀድሞ ያሰበ ሰው መነሻውን በቀላሉ አይበትነውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ለጊዜው ከጉልበት ሥራው ነጻ ሆና ድጋፉን ታገኛለች። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው፣ ይንገሯቸው።

«ይቺ ገንዘብ ምን ትሆናለች?» የሚል አይጠፋም። ግን አስቡት። የጠራጊዋ ክፍያ ባንክ አይከርምም። ያን ቀን ለባለሱቁ ዱቤ፣ ለወፍጮ ቤትና ለጉልት ይደርሳል። ባለሱቁም ከጅምላ አከፋፋዩ እንደገና ይገዛል። የሰፈር ገበያ ሊቆም ሲል የሚያንቀሳቅሰው ይህ የገንዘብ ዝውውር ነው። ለችግረኛ ሥራ ሰጥቶ መክፈል አዲስ ነገርም አይደለም። በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከ4 ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። መንግሥት በ1935 በከፈተው የሕዝብ ሥራ ፕሮግራም እስከ 1943 ድረስ ወደ 8.5 ሚሊዮን ሰው መንገድና ትምህርት ቤት እየሠራ ደመወዝ አገኘ።

የምዝገባው ዙር እስኪደርስ ግን ሆድ አይጠብቅም። በአዲስ አበባ ልጆች በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ስለሚያገኙ፣ አንድም ቀን እንዳይቀሩ ያድርጉ። ትልልቆቹ በአቅራቢያው ወዳለ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከል ይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ሲከፈትም፣ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይሸፍንላቸዋልና፣ «አቅም የለንም» ብለው በግልጽ እንዲናገሩ አብረዋቸው ይሂዱ።