ቆሮሶዎቼን ከታኅሣሥ ብርድ ያተረፍኩት እንዲህ ነው

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለችው ኩሬዬ በየጠዋቱ ሁለት ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ሞቶ አገኝ ነበር። አንዳንዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ፍለጋ ደሴ ድረስ ወጣሁ። ኋላ ቴርሞሜትር ተውሼ ንጋት ላይ ብለካው 13 ዲግሪ! ቆሮሶ እኮ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው። ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ጥጥ የመሰለውም ሻጋታ ነው፣ ብርድ ያደከመውን ዓሣ ይይዛል።

ጥፋቱ የኔው ነበር። የኩሬዋ ጥልቀት ግማሽ ሜትር ብቻ ነበር፤ ዓሣው ከብርድ የሚሸሽበት አልነበረውም። በዚያ ላይ የወንዙን ውኃ ሌሊቱን ሙሉ እለቅባት ነበር።

አንዱን ጫፍ እስከ 1 ሜትር ተኩል አስቆፈርኩ። ውኃ የማስገባው ከቀትር በኋላ ብቻ ሆነ። ማታ ላስቲክ በእንጨት ወጥሬ አለብሳታለሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ እገልጣለሁ። ካልተገለጠ አየር ያጥራል። ምግብም ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የለም፣ ያውም በትንሹ። ብርዱ እስኪያልፍ መረብ አልነካም፤ ቅርፊቱ የተላጠ ዓሣ ለሻጋታ የተመቸ ነው።

አሁን ንጋት ላይ 17 ይላል። ጎረቤቶቼ «ለዓሣ ጋቢ የሚያለብስ» ብለው ስም አውጥተውልኛል።