የካርታ ምትሃትን ከመጽሐፍ ለመማር

ሥራዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ነው። ስለዚህ ከጥረዛው ብጀምር አትፍረዱብኝ። የካርታ ምትሃት መጽሐፍ ስታነቡ ሁለቱም እጆቻችሁ ካርታ ይይዛሉ፤ ገጹን የሚይዝላችሁ የለም። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚቀመጥ በስፓይራል የተጠረዘ ኮፒ ይኑራችሁ። በስልክም ይነበባል፤ ግን ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ካርታውን ማስቀመጥና እንደገና መያዝ ያሰለቻል።

የትኛው መጽሐፍ? ኢንተርኔት ላይ ቶሎ የሚገኘው የኤርድኔዝ «ዘ ኤክስፐርት አት ዘ ካርድ ቴብል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ስለታተመ የቅጂ መብቱ አልፎበታል፤ በነፃ አውርዶ ማተም ይቻላል። ኤርድኔዝ የብዕር ስም ነው፤ ሰውየው ማን እንደነበር እስካሁን ያከራክራል። መጽሐፉ ትልቅ ነው፣ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። አብዛኛው የቁማርተኛ ማጭበርበር ነው፣ አጻጻፉም ድርቅ ያለ። ከሱ ይልቅ የሁጋርድና የብራው «ዘ ሮያል ሮድ ቱ ካርድ ማጂክ» ይሻላችኋል። አንድ የእጅ ሥራ ያስተምራችሁና በዚያው የሚሠሩ ጨዋታዎችን ያስከትላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ መበወዝ ነው። ሰው ሁሉ «ይሄንማ አውቃለሁ» ብሎ ይዘለዋል። እናንተ እንዳትዘሉት።

ካርታ ስትገዙ ልሙጥ ፕላስቲኩን ተዉት፤ ከእጅ ያመልጣል። በጣም ርካሹ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይጎብጣል። ሁለት ዓይነት ስፋት አለ፦ ፖከር ለሚባለው የካርታ ጨዋታ የሚሠራው 63 ሚሊ ሜትር፣ ብሪጅ ለሚባለው 57። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ጠባቡን ያዙ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጠረጴዛው ላይ ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉ። ካርታ ሲወድቅ አይበተንም፣ ለማንሳትም ይመቻል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ጣት አይታዘዝም፤ መጀመሪያ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ጨበጥ አድርጉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ችግራችሁ ላብ ነው፤ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ።

አሁን ወደ ንባቡ። አንዱን አንቀጽ ሙሉውን አንብቦ ከዚያ መሞከር አይሠራም። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ እጃችሁን እዚያው አቁሙ፣ ከዚያ ቀጣዩን። እንግሊዝኛው ቀኝና ግራውን እያቀላቀለ ስለሚያስቸግር ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ቀ» እና «ግ» ብላችሁ ጻፉ። ሥዕሉ ከማን በኩል እንደተሳለም እዩ። ከተመልካቹ በኩል ከሆነ መጽሐፉን ገልብጡት።

እስቲ አንዱን አብረን እንሥራ። ሙሉውን የካርታ ክምር በግራ እጃችሁ በጎኑ አቁሙት። ጀርባው ወደ አውራ ጣት፣ ፊቱ ወደ አራቱ ጣቶች ይሁን። ቀኝ እጃችሁ ክምሩን ከሁለት ጫፉ ይዞ ያነሳል፤ የግራው አውራ ጣት ከላይ ከላይ እየሳበ ያስቀራል። እዚህ ድረስ ካርታ የሚጫወት ሁሉ የሚያደርገው ነው። አሁን ግን መጀመሪያ ስትስቡ አንዷን ብቻ ሳቡ፤ የላይኛዋን ማለት ነው። የቀረውን እላይዋ ላይ በውዙበት። ከታች ሆነች። እንደገና በውዙ፤ ጥቂት ሲቀር አንድ በአንድ ሳቡ። የመጨረሻዋ ራሷ ናት፤ ከላይ ተመልሳለች። ተመልካቹ እያየ ሁለት ጊዜ በወዛችሁ፣ የላይኛዋ ካርታ ግን ቦታዋ ላይ ናት። ፍጥነት አትፈልጉ። አንዷን ስትስቡና ብዙ ስትስቡ ድምፁ እኩል እንዲሆን ብቻ ድከሙ፤ የሚያስነቃው እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ ይቺ ትበቃለች። የታችኛውን ካርታ በጨረፍታ እዩት፤ የቀይ ልብ 9 ነው እንበል። ሰውየው አንድ ካርታ ይምረጥ፣ አይቶ ከክምሩ አናት ላይ ያስቀምጠው። ክምሩን ለሁለት ይቁረጥና የታችኛውን ግማሽ ከላይ ይደርበው። አለቀ፤ 9ኟ ከሱ ካርታ በላይ ተቀምጣለች። ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ እየገለጣችሁ አስቀምጡ። 9ኟ ከመጣች ቀጥላ የምትመጣው የሱ ናት። እንዲበውዝ ብቻ አትፍቀዱ፤ መቁረጥ ግን እንደፈለገ ይቁረጥ። አልፎ አልፎ 9ኟ ከክምሩ ታች ከወደቀች የሱ ካርታ አናት ላይ ናት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ካርታ ልብ በሉ።

መስታወት ጥሩ ነው፣ ግን ያታልላል። ወሳኙ ሰዓት ላይ ሳናውቀው ዓይናችንን እንጨፍናለን። በስልክ ራሳችሁን ቅረጹና እዩ።

መጽሐፉ የማይነግራችሁ የእኛን ቤት ነው። እሱ ተመልካች ፊት ለፊት ይቀመጣል ብሎ ያስባል። እኛ ጋ ቡና ተፈልቶ ሰው መጅሊሱ ላይ ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው፤ ልጆች ደግሞ ከጀርባችሁ ይንጠለጠላሉ። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ካርታ መዳፍ ውስጥ መደበቅ የሚባለውን ለሌላ ቀን አቆዩት። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ወሬም አትተርጉሙ፤ የድሮ የአሜሪካ ቀልድ ወሎ ቤት አያስቅም። የራሳችሁን አውሩ።

ሌላው ጣጣ ካርታ ሲባል ቁማር ትዝ ማለቱ ነው። «ቀይዋን ያየ» ብሩን ያስበላ ዘመድ የሌለው ማን አለ? እናቴ ካርታውን መጀመሪያ ስታይ «ልጄ፣ ምን ጉድ ይዘህ ገባህ?» ነበር ያለችኝ። በሳንቲም እንኳ አትወራረዱ። መጀመሪያ ለሷ ያሳየኋት ያንኑ የ9ኟን ጨዋታ ነው። «ድገመው!» አለችኝ። ይሄን ጥያቄ ሁሌም ትሰማላችሁ። ያንኑ አትድገሙ፤ ሁለተኛ ሲያዩ የት እንደሚያፈጡ ያውቃሉ። ሌላ ካላችሁ ሌላ አሳዩ፣ ከሌላችሁ ካርታውን ለነሱ ስጡና ቡናችሁን ጠጡ።