በሱፐር ማሪዮ ወደ «ማይነስ ወርልድ» እንዴት እንደሚገባ

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 8 ወርልድ አለው፤ በእያንዳንዱ 4 ደረጃ፣ በድምሩ 32። ወርልድ 36 የሚባል ነገር የለውም። ሆኖም 1-2 (የወርልድ 1 ሁለተኛ ደረጃ) መጨረሻ ላይ ቱቦውን ሰንጥቆ ያለፈ ሰው 36-1 ውስጥ ይገባል። ስክሪኑ ላይ ግን 36 አይጻፍም፤ «ወርልድ» ከሚለው ቃል በኋላ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ «-1» ይታያል። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ጌም ቤት ሲባል ፕሌይስቴሽንና ኳስ ነው። ይህን ለመሞከር የሚያስፈልገው የድሮዋ ባለ ካሴት ጌም ናት፤ ኮፒም ብትሆን ችግር የለም። ካሴቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ በሚል የታደሰው እትም ላይ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ እዚያ ላይ ስትዘሉ ብትውሉ ምንም አይመጣም። ብዙ ጌም አለን የሚሉት ካሴቶች ደግሞ አንዱን ማሪዮ አምስት ስድስት ጊዜ ይደረድሩታል፤ አንዱ ከመሃል ይጀምራል፣ ሌላው ነፍስ ይጨምራል። ከ1-1 በ3 ነፍስ የሚጀምረውን ምረጡ።

ካሴቱ አልነሳም ካለ እፍ አትበሉበት። የትንፋሽ እርጥበት የካሴቱን የብረት ጥርሶች ያዝጋል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ጥርሶቹን ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የገነነ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ አለበት።

ቴሌቪዥኑ ሆዳሙ አሮጌው ቢሆን ይመረጣል። ጠፍጣፋዎቹ ምስሉን ትንሽ ዘግይተው ስለሚያሳዩ ጣታችሁና ማሪዮ አይገናኙም። ሌላ ከሌለ ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩ። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠራ ኮፒ ማሽን ደግሞ በሰከንድ በ60 ምትክ 50 ምስል ስለሚያሳይ ጨዋታው በአንድ ስድስተኛ ይዘገያል። ሙዚቃው ይጎተታል እንጂ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለመሳሳትም ለመታረምም ጊዜ ይሰጣል።

አሁን ወደ ሥራው። 1-1 ላይ ከመጀመሪያዎቹ የጥያቄ ምልክት ሳጥኖች አንዱ እንጉዳይ አለው፤ በልታችሁ ትልቅ ሆናችሁ ጨርሱ። ካመለጣችሁ 1-2 መግቢያ ላይ ከተደረደሩት አምስት ሳጥኖች የመጀመሪያውን ምቱ። ትንሹ ማሪዮ ጡብ መስበር ስለማይችል ትልቅ ሳይሆኑ መጨረሻው ላይ መድረስ ድካም ብቻ ነው። አበባ ከበላችሁም ያው ነው።

ከዚያ እስከ 1-2 መጨረሻ ሂዱ። ወደ ላይ የሚወጣው የመጨረሻው ሊፍት ላይ ስትደርሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መሮጥ ያምራል፤ እሱ የታወቀው የወርፕ ዞን (ወደ ሩቅ ወርልድ የሚያሻግሩ ቱቦዎች ያሉበት ክፍል) መንገድ ስለሆነ ለዛሬ ይቅር። ወለሉ ላይ ውረዱ። ፊት ለፊታችሁ አፉን ወደ ግራ የከፈተ አግዳሚ ቱቦ፣ ከኋላው ደግሞ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ቋሚ ቱቦ አለ። አፉ ፊት ቆማችሁ የቀኙን ቁልፍ እንዳትነኩ፤ ዋጥ አድርጎ ያስወጣችኋል፣ ወደ ኋላም መመለስ የለም።

አግዳሚው ቱቦ አናት ላይ ውጡ። ከላያችሁ ያለው ጣሪያ ጡብ ነው። ቋሚውን ቱቦ የሚነካውን ጡብ ተዉት፤ ከሱ በስተግራ ያሉትን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስበሩ። በስህተት የመጀመሪያውን ከሰበራችሁ ማሽኑን ሪሴት አድርጋችሁ ከ1-1 ጀምሩ። ሞቶ መመለስም ያስኬዳል፣ ግን ትንሽ ሆናችሁ ስለምትመለሱ እንደገና እንጉዳይ ፍለጋ ነው፤ ሪሴቱ ይቀላል።

ሰው ሁሉ የሚያቅተው የሚቀጥለው ዝላይ ነው። አግዳሚው ቱቦ የግራ ጠርዝ ላይ ቁሙና ፊታችሁን ወደ ግራ አዙሩ፤ ጀርባችሁ ለቋሚው ቱቦ ይሁን። የታች ቁልፉን ይዛችሁ ቁጢጥ በሉ። ቁጢጥ እንዳላችሁ በኤ ቁልፍ ዝለሉ፣ እግራችሁ ከመሬት ሲለቅ ብቻ የቀኙን ቁልፍ ያዙ። ማሪዮ ፊቱን ሳያዞር በጀርባው እየተንሸራተተ ያልሰበራችሁት ጡብ ሥር ወዳለው ጥግ ይሄዳል። ቦታውን ካገኘ ጌሙ ጠጣር ነገር ውስጥ ሆኖ ያገኘዋል፤ ወደ ግራ መልሶ በመግፋት ፋንታ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ እየገፋም በቱቦውና በግድግዳው ውስጥ አሳልፎ ከወዲያ ያወጣዋል።

ፊቱ ወደ ግራ መሆኑ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? በዚህ ጌም ማሪዮ አየር ላይ እያለ ፊቱን አያዞርም፤ ወደየት እንደሚያይ የሚወሰነው መሬት ላይ እያለ ነው። ስለዚህ የቀኙን ቁልፍ ከኤ ትንሽ ቀድማችሁ ከነካችሁ መሬት ላይ እያለ ይዞርና ነገሩ ያበቃል፤ ቱቦውን በደረቱ ገጭቶ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሲወርድ ወደ ቀኝ እያየ ከሆነ ጣታችሁ ቸኩሏል፣ ወደ ግራ እያየ ከሆነ ደግሞ አነሳሱ ነው የተዛባው። ሁለተኛው ከሆነ የቆማችሁበትን ቦታ አንድ ሁለት ነጥብ ወደ ጠርዙ ወይም ወደ ውስጥ ቀይሩ እንጂ ያንኑ ዝላይ አትደጋግሙ።

ቱርቦ የሚባሉትን ትርፍ ቁልፎች እርሱ። ዝላዩን ቆራርጠው ያሳጥሩታል፣ ማሪዮም ጥጉ ድረስ አይወጣም። በስልክ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም የሚያስኬድ ፕሮግራም) መሞከርም ይቻላል፣ ግን መስታወት ላይ ታችን፣ ኤንና ቀኝን በተራ መያዝ ጣት ያምታታል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ ጆይስቲክ ይሻላል። ቆላና ደጋውም የራሱ ነገር አለው፤ ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ጣት ይደነዝዛል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጆይስቲኩ በላብ ይንሸራተታል። ደብረ ብርሃን ከሰዓት በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት በጠዋት ሞክሩት።

ዝላዩ ስለከሸፈ ማሪዮ አይሞትም፤ ጠላታችሁ ሰዓቱ ነው። የጌሙ ሰዓት አንድ ቁጥር 24 ምስል ስለሚፈጅ፣ 1-2 የሚጀምርበት 400 እንዳለ በ60ው ማሽን 160 ሰከንድ፣ በ50ው 192 ሰከንድ ይሆናል። ቱቦው ጋ ስትደርሱ ከ200 በላይ ካልቀራችሁ ዝላዩ ይጣደፋል። ሳንቲም አትልቀሙ።

አልፋችሁ ከወጣችሁ በኋላ ደስታው ራሱ ያሳስታል። ሦስት ቱቦዎች ያሉበት ክፍል ውስጥ ናችሁ። ወደ ቀኝ አትሩጡ፤ የመጀመሪያውን ቱቦ ላይ ውጡና ወዲያው ታችን ተጫኑ። ስክሪኑ ወደፊት ተንሸራቶ የወርፕ ዞን የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍ ከታየ ቁጥሮቹ ይስተካከላሉ፣ ቱቦውም እንደ ማንኛውም ቀን 4-1 ያደርሳችኋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጽሑፉ እስኪመጣ ድረስ ጌሙ የሚያነበው የዚህን ክፍል ቁጥሮች ሳይሆን የ4-2ን ነው። እዚያ ያለው ቱቦ አንድ ብቻ፣ መሃል ላይ፣ ወደ ወርልድ 5 የሚወስድ ነው። ግራና ቀኙ ባዶ መሆን ስላለባቸው ሠሪዎቹ «ባዶ» የሚል ምልክት አስገቡ። ማሪዮ ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ፊደል የተራ ቁጥር ያለው ስዕል ነው፤ ከ0 እስከ 9 አሃዞቹ፣ ከ10 እስከ 35 ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከነሱ ቀጥሎ 36ኛው ባዶ። ቱቦው ይህን ባዶ እንደ ወርልድ ቁጥር አንብቦ ወደ 36 ይልካችኋል፤ የወርልዱን ስም የሚጽፈውም 36ኛውን ስዕል አውጥቶ ባዶ ይተዋል። ሰረዙ ከድሮም የነበረው፣ 1-1 ውስጥ ያለው ያው ሰረዝ ነው። መሃለኛው ቱቦ ከገባችሁ ደግሞ ባዶ ስላልሆነ 5-1 ትወጣላችሁ።

ውስጡ 2-2ንና 7-2ን የሚመስል የውሃ ደረጃ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ቱቦ ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል፤ እንዲሁ እየዞራችሁ ሰዓቱ ያልቃል። መውጫ ስለሌለው አይታችሁ ከጠገባችሁ ሪሴት። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የፋሚኮም (የዚሁ ጌም ማሽን የጃፓን ስሙ) ዲስክ እትም ግን ዳታው የተቀመጠው በሌላ መልክ ስለሆነ ከ36 ጀርባ የሚገኘው ሌላ ነው፤ -1፣ -2፣ -3 የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፣ ሦስተኛውን የጨረሰም ጌሙን እንደጨረሰ ይቆጠርለታል።

ይህ የቁጥርና የስዕል መምታታት ሌላም ቦታ ያጋጥማችኋል። 3-1 መጨረሻ ላይ ደረጃውን የሚወርደውን ኤሊ በትክክል ረግጣችሁ ቅርፊቱን ከደረጃው ጋር እያጋጫችሁ ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ነፍስ ይዘንባል። ከ10 ነፍስ ጀምሮ ቆጣሪው ዘውድ ይጽፍና ከጎኑ ትርፉን ያስቀምጣል፤ 20 ላይ ዘውድና የመጀመሪያው ፊደል፣ እያለ እያለ 46 ላይ ዘውድና ባዶ ይሆናል፤ 36ኛው ስዕል ነዋ። ቆጣሪው የሚታየው ደረጃ ሲጀመር ብቻ ስለሆነ እየረገጣችሁ በድምፁ ቁጠሩ። ነፍሱ የሚቀመጠው እስከ 127 ብቻ በሚቆጥር ቦታ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ከዜሮ በታች ሆኖ ይነበብና አንዴ ስትሞቱ ጨዋታው ያበቃል። ዘውዱ ብቻውን የሚቀርበት 46 ላይ አቁሙ።