ከደብሊን በባቡር ስትወጡ

አየርላንድ ውስጥ በባቡር መሄድ ከባድ አይደለም። አዲስ የገባ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ፣ ጣቢያ ላይና ድንበር ላይ ነው።

ትኬት ላይ 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት መሄድ ከፈለጋችሁ የምትመርጡት 13:00 የሚለውን ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀደም ብሎ የሚገዛው ርካሽ ትኬት የሚሠራው ለተያዘበት ባቡር ብቻ ስለሆነ፣ በአገር ቤት ሰዓት አስባችሁ ከገዛችሁ ገንዘባችሁን ውሃ በላው።

ደብሊን ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች አሏት። ወደ ኮርክ፣ ሊመሪክ፣ ጎልዌይ፣ ዋተርፎርድና ትራሊ የሚሄደው ከሂውስተን ይነሳል፤ ወደ ቤልፋስት፣ ስላይጎና ሮስሌር የሚሄደው ከኮኖሊ። ሁለቱን የሚያገናኘው ሉዋስ የተባለው የከተማ ባቡር ቀዩ መስመር ነው። ጣቢያ ተሳስታችሁ ከሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚበላባችሁ፣ ከቤት ስትወጡ የጣቢያውን ስም ትኬቱ ላይ አንብቡ።

ሊፕ ካርድ የተባለው የጉዞ መክፈያ ካርድ ለደብሊንና ለአካባቢዋ ባቡር ጥሩ ነው፤ ስትገቡም ስትወጡም ማሽኑ ላይ ማስነካት አለባችሁ። ከደብሊን ጎልዌይ ለመሄድ ግን አይሠራም። ያለ ትኬት የተገኘ ሰው ከዋጋው በላይ 100 ዩሮ ይቀጣል።

ሊመሪክ ለምትሄዱ፦ «ሊመሪክ ጀንክሽን» ሊመሪክ አይደለም። ቲፐራሪ ውስጥ ያለ የመቀየሪያ ጣቢያ ነው፤ ከከተማው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ትኬታችሁ ቀጥታ ካልሆነ እዚያ ትወርዳላችሁ፣ ግን ከጣቢያው ሳትወጡ የሊመሪኩን ባቡር ጠብቁ። የከተማው ጣቢያ ኮልበርት ይባላል። የባቡሩ በር በራሱ አይከፈትም፤ አዝራሩ ሲበራ ተጫኑት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቤልፋስት። ባቡሩ ከደንዶክ አልፎ ኒውሪ ሲገባ የድንበር ኬላ አይታይም፤ ብዙ ጊዜም ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ይህ አያዘናጋችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ነው፣ መገበያያውም ፓውንድ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአየርላንድ የመኖሪያ ካርድ ቪዛውን አይተካም። ስትመለሱ ደግሞ የአየርላንድ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ወረቀት የሚያይበት ጊዜ አለ። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ያለ ፍትሕ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከአገር መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ለአንድ ቀን ሽርሽር ብላችሁ የዓመታት ጉዳያችሁን አታበላሹ። ቤልፋስት ዘመድ ካላችሁ እሱ ወደ ደብሊን ቢመጣ ይሻላል፣ የሱም ወረቀት ለአየርላንድ የሚያስገባው ከሆነ።

ምግብ በሁሉም ባቡር አይሸጥም፤ በተለይ በጾም ወቅት ስንቅ ያዙ። ዲሴምበር 25 ባቡር ጭራሽ የለም፤ በዚያ ቀን ሌላ ከተማ ያለ ሰው ለመጠየቅ ያሰባችሁ በዋዜማው ቀን ሂዱ። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል ግን ባቡሩ እንደ ወትሮው ይሠራል።