በዩታ የቫን ጉዞ ላይ ጥንዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላስ ቬጋስ ወይም ዴንቨር ለሚኖር ሀበሻ ዩታ ጎረቤት ናት። ቫን ተከራይቶ፣ ስንቅ ጭኖ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ለጥቂት ቀናት መውጣት ደግሞ ትልቅ ደስታ ነው። ግን ግዛቷን ለማያውቃት ሰው ቀላል አይደለችም። እኔ እንደማየው፣ ጉዞውም ፍቅሩም የሚበላሸው ሲመሽ ነው። ሁለቱም ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ ቀድሞ ያልተነጋገሩበትን ነገር መንገድ ዳር ቆመው ሊወስኑ ይሞክራሉ። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ቤት ሳላችሁ መፍትሔ የሚያገኙ ናቸው።

አምስቱንም ፓርክ ካላየን ማለት

ዛየን፣ ብራይስ ካንየን፣ ካፒቶል ሪፍ፣ አርቸስና ካንየንላንድስ። ካርታ ላይ ተጠጋግተው ይታያሉ። ነገር ግን ከዛየን አርቸስ በፈጣኑ አውራ ጎዳና እንኳን ከ5 ሰዓት በላይ ያስነዳል። በውቡ መንገድ 12 ከሄዳችሁ ቀኑ እዚያው ያልቃል፤ ማለቅም አለበት። ከኤስካላንቴ ከተማ ወደ ዩታዋ ቦልደር ስትሄዱ መንገዱ በጠባብ ሸንተረር ላይ ያልፋል፣ ግራና ቀኙ ገደል ነው። እዚያ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ምክሬ ግማሹን ተዉት ነው። ወይ ደቡቡን፣ ማለትም ዛየንን፣ ብራይስንና ካፒቶል ሪፍን ያዙ፤ ወይ ሞአብ ከተማ ላይ ሆናችሁ አርቸስንና ካንየንላንድስን እዩ። ከቬጋስ የምትነሱ ደግሞ ዩታ ስትገቡ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም አስቡ። ሁለታችሁም በኪራይ ውሉ ላይ በሹፌርነት ተመዝገቡ። አንድ ሰው ብቻውን ቀኑን ሙሉ እየነዳ ማታ ፈገግ እንዲል መጠበቅ ግፍ ነው።

ማደሪያ ከመሸ መፈለግ

«ቫን አለን፣ የትም እንተኛለን» የሚለው አይሠራም። ዛየን ፓርክ ውስጥ ከካምፕ ቦታ ውጪ መኪና ውስጥ ማደር ክልክል ነው። የካምፕ ቦታውም ቀድሞ ይያዛል። ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው ሰፊ መሬት ላይ በብዙ ቦታ እስከ 14 ቀን በነፃ ማደር ይቻላል። ሞአብ አካባቢ ግን የተፈቀደው ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ብቻ የሆነበት ሰፊ ክልል አለ፤ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ መያዝም ግዴታ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ የምታድሩበትን በጠዋት ወስኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ። ገጠሩ ላይ ማታ ማታ አጋዘንና አጥር የሌላቸው ከብቶች መንገድ ላይ ይወጣሉ።

የቫኑን ቁመትና ስፋት አለማወቅ

መኪና የሚያልፍበት የዛየን ዋሻ በ1930 የተመረቀ ነው። ለዚያ ዘመን መኪና የተሠራ ስለሆነ ጣሪያው ቅስት ነው፣ ጠርዙ ዝቅ ይላል። ከ3.45 ሜትር በላይ ከፍታ ወይም ከ2.39 ሜትር በላይ ስፋት ያለው መኪና ገደብ አለበት። ተራ ቫን ባብዛኛው ያልፋል። ትልቅ የመኖሪያ መኪና ከሆነ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ደንብ እዩ፣ መስታወቱንም ጨምራችሁ ለኩ። ወደ ዛየን ሸለቆ ውስጥ የሚገባው መንገድ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባብዛኛው ለግል መኪና ዝግ ነው። በነፃው አውቶቡስ ነው የሚገባው።

ጂፒኤስ ያለውን ሁሉ መከተል

ይህ ከሁሉም ይከፋል። ስልኩ «አቋራጭ አለ» ብሎ ኮተንውድ ካንየን የሚባለውን የአፈር መንገድ ሊያሳያችሁ ይችላል። ሲደርቅ ደህና ይመስላል። ዝናብ ሲነካው ግን አለቀ። የሀገራችንን የመረሬ ጭቃ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ አፈሩ ሸክላማ ነው፣ ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን መኪና እንኳን ይይዛል። ብዙ የኪራይ ውል አስፋልት ካልሆነ መንገድ መግባትን ይከለክላል። ከተያዛችሁ የመጎተቻው ክፍያ ከኪሳችሁ ነው፣ ስልክም ላይሠራ ይችላል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ አለ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ሩቅ የዘነበው ዝናብ በሸለቆው ይመጣል። በሴፕቴምበር 2015 ዛየን ውስጥ ኪይሆል ካንየን በሚባል ጠባብ ሸለቆ 7 ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። በዚያው ቀን ሂልዴል ከተማ ላይ ጎርፉ ሴቶችና ልጆች የጫኑ ሁለት መኪኖችን ወስዷል። ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትሻገሩ።

ለጥንዶች አንድ ደንብ አጥብቄ እመክራለሁ። ከሁለት አንዳችሁ «እንመለስ» ካለ ትመለሳላችሁ። ክርክር የለም፣ በኋላም «አንተ ነህ ያስቀረኸኝ»፣ «አንቺ ነሽ የፈራሽው» የለም። ይህን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት።

ነዳጅና ውሃን ለነገ ማለት

ኢንተርስቴት 70 ላይ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ወደ 175 ኪሎ ሜትር ማደያ የለም። ግማሽ ታንክ ሲቀር ነዳጅ ሙሉ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ያዙ፣ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት።

ብርዱን መናቅ፣ ከሰሉን ማስገባት

ዩታ በረሃ ናት ብሎ ብርድ ልብስ ሳይዝ የሚሄድ ብዙ ነው። ብራይስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ቦታ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ግንቦት ውስጥም ሌሊቱ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ሲበርዳችሁ ምድጃ ለኩሳችሁ አትተኙ። ቡና ለማፍላትና ዕጣን ለማጨስ ከሰል ማያያዝ ደስ ይላል፣ ግን ቫን ውስጥ በፍጹም። የከሰል ጭስ መርዙ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ይገድላል። ቡናውን ውጪ በጋዝ ምድጃ አፍሉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ያለው ቫን መሆኑንም ጠይቁ።

በትናንሽ ከተሞች እሑድ ብዙው ሱቅና ምግብ ቤት ዝግ ነው። በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ሽሮውንና እንጀራውን ከቬጋስ ወይም ከሶልት ሌክ ሲቲ ይዛችሁ ግቡ። መጠጥ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሹፌር ደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል ገደብ በሌሎቹ ግዛቶች ባብዛኛው 0.08 በመቶ ሲሆን ዩታ ውስጥ 0.05 በመቶ ነው።

የናቫሆን ምድር እንደ ሌላው ፓርክ ማየት

ወደ ብሔራዊ ፓርኮች የሚያስገባው፣ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር የሆነው የዓመት ፓስ ያዋጣል፤ ዛየንና ብራይስ ብቻቸውን ለአንድ መኪና 35፣ 35 ዶላር ያስከፍላሉ። ሞኒዩመንት ቫሊ የሚባለው ሸለቆ ግን ናቫሆ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መሬት ነው፣ ፓስ አይሠራም፣ ለብቻው ይከፈላል። አልኮል ክልክል ነው። ሰው የሚኖርበት መሬት ስለሆነ ሳትጠይቁ ሰውንም ቤትንም ፎቶ አታንሱ። ሰዓቱም ያምታታል። በአሜሪካ በጋ፣ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ወቅት፣ አሪዞና ድረስ የሚዘልቀው የናቫሆ ምድር ከዩታ ጋር እኩል ነው፣ የተቀረው አሪዞና ግን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። አሪዞና ውስጥ ባለችው ፔጅ ከተማ ላይ አንቴሎፕ ካንየንን ለማየት ቀጠሮ ካላችሁ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አስጎብኚዎቹን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ድንበሩ ላይ ስልካችሁ የሚያሳየውን አትመኑ።